ሥራ ለመጠየቅ የሚጻፍ ሲቪ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከተመረቅን በኋላ አብዛኞቻችን ሥራ የምንጠይቀው ከማናውቀው መሥሪያ ቤት፣ ከማያውቀን ሰው ነው። በዚያ ዘመድ የለንም። ስለ እኛ የሚናገርልን አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሲቪ የምንለው ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የሕይወት ሩጫ» ማለት ነው።

እንደሚታወቀው፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ሲቪ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ «ሲቪ ሥሩልኝ» ላለ ሁሉ ስሙ ብቻ እየተለወጠ ይታተምለታል። ባለቤቱም ሁልጊዜ «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» ነው። መቶ ሰው አንድ ዓይነት ቃል ይዞ ሲቀርብ ቀጣሪው ማንን ይመን? ዲግሪው ብቻውን አይለየንም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፈ ሁሉ ዲግሪ ይዟልና።

ያደግነው ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልን ነው። ይህ መልካም ጨዋነት ነው። ሆኖም ራስን ማወደስና የሠሩትን መናገር ይለያያሉ። «ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» ማለት ውዳሴ ነው። «በ2016 ዓ.ም. የክፍላችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ የ60 ተማሪዎችን መዋጮ በመዝገብ ይዣለሁ፤ ሒሳቡም ተመርምሮ ጸድቋል» ማለት ግን ምስክርነት ነው። ሥራው፣ ዘመኑና ቁጥሩ ከተጻፈ ምስጋናውን አንባቢው ራሱ ይጨምርበታል።

«ልምዳችን ዜሮ ዓመት ነው፤ ምን እንጽፋለን?» የሚል ይኖራል። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር፤ አብዛኛውም በማስተማር ያገለግል ነበር። ዛሬ ያ የለም። ነገር ግን የተግባር ልምምድ አለን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አለን። ለኪስ ገንዘብ ብሎ የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት፣ በክረምት በቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ዕቃ መረከብና መሸጥም ሥራ ነው። ከነጊዜው ይጻፍ። ተቀጥረን የሠራንበት ቦታ ካለም ማስረጃ እንጠይቅ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋልና።

ስለ አጻጻፉ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ደጋግመን እናንብብ፤ ከተጠየቀው ሥራ ጋር የሚገናኘውን እናስቀድም። ለሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ሲቪ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የቅርቡ ትምህርትና ሥራ ከላይ፣ የቀደመው ከታች ይሁን። ዓመቱ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ፤ ሁለቱ ከተደባለቁ ከመግባታችን በፊት የተመረቅን እንመስላለን።

ሦስተኛ፣ ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በዲግሪው፣ በመታወቂያውና በሲቪው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ፊደል ቢለያይ የሁለት ሰዎች ማስረጃ ይመስላል።

አራተኛ፣ ብሔር፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ካልተጠየቁ አይጻፉ። ልንመዘን የሚገባን በምንሠራው ነው።

አምስተኛ፣ መምህሮቻችንን በምስክርነት ከመጥቀሳችን በፊት ፈቃዳቸውን እንጠይቅ።

ከሁሉም በላይ ያልሠራነውን አንጻፍ። «ኮምፒውተር፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ የጻፈ ሰው በፈተናው ቀን በኤክሴል አንድ ዓምድ መደመር ቢያቅተው የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም። ከዚያው ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው እውነተኛ ልጅ ወረቀቱ በጥርጣሬ ይነበባል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ትንሽም ብትሆን እውነተኛዋ ሥራ ትበልጣለች።

ስለዚህ ከመመረቃችን በፊት ሁለት ሁለት እየሆንን ወረቀቶቻችንን እንለዋወጥ፤ በየመስመሩ ጎን «ይህን በምን ታስረዳለህ? በምን ታስረጃለሽ?» ብለን እንጠያየቅ። መልስ ያላገኘው መስመር ይሰረዝ። መምህራኖቻችንም አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው ቢያርሙልን ትልቅ ውለታ ነው።