ብቻውን የሚጓዝ ሰው የት ይደር?



ዛሬ የምናገረው ስለ መንገድና ስለ ማደሪያ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ግን እስኪ እናስብ። ስኳሩ፣ ጨርቁ፣ ጨው፣ ሳሙናው ወደ ገበያችን የሚመጣው በመኪና ነው። መኪናውን የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ሌሊቱን የት አደረ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

አንድ መንገድ እንከተል። ከድሬዳዋ እንነሳ። ድሬዳዋ ቆላ ናት። መንገዱ የደንገጎን ዳገት ይወጣና በሐረማያ አድርጎ ሐረር ይገባል። ከሐረር ወደ ምሥራቅ ወርዶ የለውዝ አገር ባቢሌን ያገኛል። ከባቢሌ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ አለ። እዚያ ትልልቅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ቆሟል፤ ሊወድቅ ነው ይባላል እንጂ አይወድቅም። ቀጥሎ የካራማራ ተራራ ይመጣል። ተራራው ሲታለፍ ስንዴና ማሽላ የሚዘራበት የጅጅጋ ሜዳ ይዘረጋል። ጅጅጋ ዛሬ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከሐረር እስከ ጅጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጅጅጋ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በስተምሥራቅ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ቶጎጫሌ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ቀብሪ በያህና ወደ ደገሃቡር ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሰው ሳይተኛ ሊነዳው ይችላል? ሒሳብ ስለተማራችሁ አብረን እናስላ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። እንቅልፍ የጣለው ሾፌር ዓይኑን ለ3 ሰከንድ ቢከድን፣ 3 ጊዜ 22 ስንት ነው? 66 ነው። 66 ሜትር ዕውር ሆኖ ሄደ ማለት ነው። በዚያች 66 ሜትር ውስጥ ግመል ሊሻገር ይችላል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሊሻገር ይችላል። ቡናና ጫት እንቅልፍን ያዘገያሉ እንጂ አያስቀሩትም። የእንቅልፍ መድኃኒቱ መተኛት ብቻ ነው።

ታዲያ የት ይተኛ? የጥንት ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። ከዘይላና ከበርበራ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣ ነጋዴ ከሶማሌ ጎሣዎች አንድ ጠባቂ ይይዝ ነበር። ይህ ሰው «አባን» ይባላል። አባኑ እንግዳውን ያሳድራል፣ ያሻሽጣል፣ ከጥቃት ይጠብቃል፤ ለድካሙም ይከፈለዋል። እንግዳው ቢነካ ውርደቱ የአባኑና የጎሣው ነው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ከዘይላ ተነስቶ፣ በጥር 1855 ሐረር የገባው በዚህ ሥርዓት ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባልደረሰ ነበር።

ሲመለስ ግን ጓዙን ትቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር በአቋራጭ ወደ በርበራ ገሠገሠ። በረሃው ላይ ውሃ አለቀባቸው፤ ጥሙ ሊገድላቸው ደረሰ። በዚህ መካከል አንዲት ቆቅ የምትመስል የበረሃ ወፍ ወደ ኮረብታው ስትበር አዩ። ይህች ወፍ ውሃ ሳትጠጣ አትውልም። ተከትለዋት ሄዱና ምንጭ አገኙ፤ ነፍሳቸውም ተረፈች። እንግዲህ አቋራጭ ሁሉ አያሳጥርም።

ዛሬ የመኪና መንገድ አለ። አባን የሚይዝ ሾፌር የለም። ነገር ግን የጥንቱ ጥበብ አላረጀም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሦስት ነገሮችን ይወቅ።

አንደኛ፣ ሳይመሽ ይቁም። ከሰው አጠገብ፣ ሻይ ቤት ወይም ምግብ ቤት ካለበት፣ ሌሎች መኪኖች ከቆሙበት ይደር። ከመተኛቱ በፊት ለባለቤቱ «እዚህ አድራለሁ» ብሎ ይንገር። ያ ባለ ሻይ ቤት የዛሬው አባን ነው።

ሁለተኛ፣ ከመንገድ ወጥቶ ሰውና ከብት ያልረገጡትን መሬት አይርገጥ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት በጅጅጋ አካባቢ ፈንጂ ተቀብሮ ነበር። ፈንጂ ጦርነት አለቀ ብሎ አይነሳም። የአደጋ ምልክት ያየ ሰው በመጣበት ዱካ ይመለስ። የማያውቀውን ብረት አይንካ።

ሦስተኛ፣ ውሃ ባለቤት እንዳለው ይወቅ። በሐውድ ሜዳ ወንዝ የለም። ሰዎቹ መሬት ቆፍረው፣ በሲሚንቶ ገርፈው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ። ይህን «ቢርካ» ይሉታል። ሰውም ግመልም በጋውን የሚያልፉት በእርሱ ነው። ሳይጠይቁ መቅዳት፣ ይልቁንም መኪና ማጠብ ነውር ነው። ለጠየቀ ግን ውሃ የሚከለክል እምብዛም የለም።

በእኛ አገር የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ሶማሌዎችም «ሶ ዶዎው» ይላሉ፤ ወደዚህ ቅረብ ማለት ነው። ቋንቋው ተለያየ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

መንገድ ዳር ቤት ላላችሁ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። አሁን መጻፍ ችላችኋል። ጣውላ ፈልጉና በትልልቅ ፊደል «ማደሪያ አለ። ውሃ አለ። የአንድ ሌሊት ዋጋ ይህን ያህል ነው» ብላችሁ ጻፉ። ሶማሊኛ የሚያውቅ ካለ ከሥሩ በሶማሊኛ ይጨምርበት። ዋጋው የተጻፈ ከሆነ እንግዳው አይታለልም፤ እናንተም አትጨቃጨቁም። እንቅልፍ የከበደው ሾፌር ያንን ጣውላ አንብቦ ይቆማል። ካራማራንም በማግስቱ፣ ዓይኑ ተገልጦ፣ በፀሐይ ይወጣዋል።