ስለ አርጃኖ ቤት አሠራር የተደረገ ንግግር



አርጃኖውን ለማሳደር ስንነሣ ያሰብነው ለገዛ ደኅንነታችን ብቻ ነበር። ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ከለልን፤ ወለሉን በሲሚንቶ ለሰንን። የራሱን ሙቀት የማያመነጭ ፍጥረት በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ደነዘዘ፤ የበላው አልፈጭለት አለ፤ ሽቦውን ሲገፋም አፍንጫው ቆሰለ። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አሁን ግድግዳውን በጣውላ ሠርተናል። በአንድ ወገን ከአምፑል ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርን፤ ድንጋዩ እስከ 50 ዲግሪ ሲሞቅ ሌላው ወገን ከ30 በታች ይቀራል፤ እንስሳው እንደ ፈቃዱ ይመርጣል። የሚምሰው ግማሽ ሜትር አፈርና የሚነከርበት ገንዳም አለው።

የቸገረን ስፋቱ ነው። የዓባይ አርጃኖ ሲያድግ እስከ 2 ሜትር ይረዝማል፤ ክፍሉ ግን ያን ጊዜ ለመዞር እንኳ አይበቃውም። እስከ ክረምት ሰፊ ቦታ ካልተገኘ ወደ ተያዘበት ወንዝ ዳር ልንመልሰው ተስማምተናል፤ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።