የሸክላ ማጫወቻ መርፌና ማጉያው ሲስማሙ
(በአሶሳ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የመዝናኛ ወሬ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በየቤቱ በሣጥን ውስጥ ተኝተው የቆዩት የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ሸክላዎች ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር እየተቀዱ ነው። ከተቀዱ በኋላ ሸክላው ይሰበራል ወይም ይጣላል፤ የሚቀረው ቅጂው ብቻ ነው። ቅጂው የተበላሸ እንደሆነ የሚመጣው ትውልድ ጥፋቱን የሚጥለው በማጫወቻው ላይ ሳይሆን በዘፋኙና በሙዚቀኛው ላይ ነው። ስለዚህ «ሸክላው አርጅቷል» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ መርፌውን የያዘው ካርትሪጅና ድምፁን ተቀብሎ የሚያሳድገው ቅድመ ማጉያ ተስማምተዋል ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በክልላችን በጉባ ወረዳ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ውሃው ተርባይኑን ያዞራል፤ ከተርባይኑ ጋር የሚዞረው ማግኔት በዙሪያው በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ይህን ሕግ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ማግኔት ያለው ካርትሪጅም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ በውሃው ፈንታ የሚገፋው በሸክላው ቦይ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው መርፌ ነው። ልዩነቱ በመጠን ነው፤ ከካርትሪጁ የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ደካማ ኃይል ደግሞ በአግባቡ የሚቀበለው ካላገኘ ይበላሻል።

በበርታ ሕዝብ ዘንድ ዋዛ የሚባሉ የቅል ጥሩንባዎች አሉ። ስሙ ዋዛ ይሁን እንጂ ሥራው ዋዛ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጥሩንባ የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሲገጣጠሙ ነው። ካርትሪጅና ቅድመ ማጉያም እንዲሁ ናቸው። በሦስት ነገር መስማማት አለባቸው።

አንደኛው መጠን ነው። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ካርትሪጅ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይሰጣል። ለዚህ መቶ ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ ይበቃዋል፤ 5 ሚሊቮልት ግማሽ ቮልት ይሆናል ማለት ነው። ሽቦው ራሱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ግን በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ሺሕ ጊዜ ያህል መጉላት አለበት። ይህን ደካማውን ከመቶው ማጉያ ጋር ብናገናኘው ድምፁ ይጠፋል፤ ቁልፉን ስናዞር ሹክሹክታው አብሮ ያድጋል። ብርቱውን ከሺሕ ማጉያው ጋር ብናገናኘው ደግሞ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ድምፁን ይሰነጣጥቀዋል። በጥንቶቹ የቫሊዛ ማጫወቻዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሴራሚክ ካርትሪጅ ከሁለቱም ይለያል፤ በመቶ የሚቆጠር ሚሊቮልት ስለሚሰጥ ለማግኔት በተሠራ መግቢያ አይገባም፤ የሚፈልገው አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል ያለው መግቢያ ነው።

ሁለተኛው ጭነት ነው። ማግኔቱ ለሚንቀሳቀስበት ካርትሪጅ የተለመደው መግቢያ 47 ሺሕ ኦም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የገመዱን ካፓሲታንስ ነው፤ አንድ ሜትር ገመድ መቶ ፒኮፋራድ ያህል ሊኖረው ይችላል። የካርትሪጁ ጥቅልል 500 ሚሊሄንሪ፣ የገመዱና የማጉያው ድምር 300 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ ሁለቱ በ13 ሺሕ ሄርዝ አካባቢ ይናበባሉ፤ በዚያ ዙሪያ ያለው ድምፅ ይሾላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይወድቃል። የዘፋኟ «ሰ» እና «ጸ» ያፏጫሉ፤ የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ ጆሮ ይቧጥጣል። ድምሩን ወደ 150 ብናወርደው መናበቢያው ወደ 18 ሺሕ ይሸሻል። መድኃኒቱ ውድ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ገመዱን ማሳጠር ሊሆን ይችላል። ሽቦው ለሚንቀሳቀስበት ዓይነት ግን ካፓሲታንሱ ብዙም አያሳስብም፤ የመግቢያው ኦም የጥቅልሉን ቢያንስ አሥር እጥፍ ቢሆን መልካም ነው።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቦዩ እንዳይሰፋ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ከሸክላው ሹክሹክታ በላይ እንዲሰማ ከፍ ይደረጋል። ማጉያው ይህን መልሶ ማቃናት አለበት። በ1954 እ.ኤ.አ. በወጣው የአር.አይ.ኤ.ኤ. ደንብ፣ ከ1 ሺሕ ሄርዝ ጋር ሲነጻጸር የ20 ሄርዝ ድምፅ አሥር ጊዜ ያህል ይጎላል፤ የ20 ሺሕ ሄርዝ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው ሸክላዎች ከደንቡ በኋላ የመጡ ስለሆኑ በዚህ ሚዛን መሰማት ይገባቸዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ያስቀረጹት ግን ኤሌክትሪክ ሳይገባበት በቀንድ መሰል ጡሩንባ የተቀረጸ ነው፤ ይህን ሚዛን በእርሱ ላይ መጫን ያልተቀነሰውን ማብዛት ይሆናል። መርፌውም መለወጥ አለበት፤ ለአዲሱ ሸክላ ጫፉ 0.018 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ለዚያ ዘመን ሸክላ ግን 0.075 ያህል ይፈለጋል።

ይኸው ሚዛን አንድ መዘዝ አለው። የመብራታችን 50 ሄርዝ በዚሁ ማጉያ ሰባት ጊዜ ያህል ስለሚጎላ፣ የመሬት ሽቦው ካልታሰረ እምምታው ዘፈኑን ይሸፍነዋል።

ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ሁሉ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ከቅጂው በፊት የካርትሪጁንና የማጉያውን መግለጫ አስተያዩ። በቅጂው ላይ የካርትሪጁን ዓይነት፣ የጉላቱን መጠን፣ ጭነቱንና ሚዛኑን ጻፉ፤ የተሳሳተ ነገር ቢኖር ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊያርመው ይችላል። ከሁሉም በላይ ቅጂው አለን ብላችሁ ሸክላውን አትጣሉ፤ ቅጂ ምስክር ነው፤ ባለጉዳዩ ሸክላው ነው።