ሥዕልና ፖለቲካ በአዲስ አበባ ዙሪያ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ሥዕልንና ፖለቲካን ምን ያገናኛቸዋል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን የአፍሪካን አዳራሽ እንጠቅሳለን። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ አዳራሽ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ይዟል። ሥዕሉ በሦስት ክፍል ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን የአፍሪካን ዕድል ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። ይህ ግን በመንግሥት አዳራሽ የተተከለ ሥዕል ነው። እኛ ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ማንም ሳያዝዘው ከሕዝብ መካከል ስለሚወጣው ሥዕል ነው፤ ለዚህም ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በቂ ምስክሮች ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ስማቸው በአገር የተነሣው ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያያይዘው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ፣ መሬቴ ሊወሰድ ነው ያለው ገበሬ ሠጋ፤ ተማሪውም በየቦታው ተቃውሞ አነሣ። የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ፕላኑ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

የዚህ ትግል ሥዕል ከራስ በላይ የተጣመሩ ሁለት ክንዶች ነበሩ። ቀለምም ሆነ ሸራ አያስፈልገውም፤ በሰበታ መርሐ ዕውራን የሚማር ልጅ እንኳ በዳሰሳ ሊያውቀውና በገዛ ክንዱ ሊሠራው ይችላል። የሱሉልታ ሜዳ የሯጮቻችን መለማመጃ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሯጮቻችን አንዱ፣ ፈይሳ ሌሊሳ፣ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ክንዶቹን አጣመረ። ዓለምም ያን አይቶ፣ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እዚህ ላይ ብናቆም ንግግራችን ባማረ ነበር፤ ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ በቀረ። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወጣቶች በሰንደቅ ዓላማና በመንገድ ጠርዝ ላይ በሚቀባ ቀለም ምክንያት ተጋጩ። በዚያው ሰሞን በቡራዩ ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ቀለም ገደለ አንልም፤ የገደለው ሰው ነው። ሆኖም ምልክት «ወገናችን ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ያኛውስ ሰው አይደለምን?» ብሎ መጠየቅን እንደሚረሳ ተማርን።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ያነሡት ሽማግሌዎች ናቸው። የቡራዩ መርዶ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ፎቶግራፋቸውን ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ያም እንደ ተጣመሩት ክንዶች በሰው አካል የተሠራ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን የቆመው በገዛ ወገኑ ቁጣ ፊት ነው።

እኛስ? ምልክታችንን ያልያዘውን ተማሪ በጎሪጥ ያየንበት ቀን እንዳለ አንካድ። እንግዲህ በደል ሲደርስ ክንድን ማጣመር ይገባል፤ ይህን የምንተው አይደለንም። ግን በግቢያችን ግድግዳ ላይ ሥዕል ከመለጠፋችን በፊት ሁለቱንም ጥያቄዎች እንጠይቅ። ሥዕሉ የእኛን ቁስል አሳይቶ የጎረቤታችንን ፊት የሚሸፍን ከሆነ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ እኛው እናውርደው።