«የሥራ ልምድ፦ የለም»

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ የማኅበራችን ደጋፊዎች፤

ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ስለ ገቢና ወጪ እንደሚናገር ትጠብቃላችሁ። እሱ ከሻይ በኋላ ይቀርባል። አሁን የምንናገረው በመዝገባችን ላይ ስላልሰፈረ ሀብት ነው።

የብድር ማመልከቻ ቅጻችንን ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ገጽ «ትምህርትና ሥልጠና»፣ ከሥሩ ደግሞ «የሥራ ልምድ» የሚል ቦታ አለ። የቆዩትን ቅጾች አውጥተን ስናገላብጥ፣ ጥልፍ ከሚጠልፉ፣ ጥጥ ከሚፈትሉ፣ መሶብ ከሚሰፉ አባሎቻችን ብዙዎቹ በዚያ ቦታ ላይ የጻፉት አንድ ቃል ነው፤ «የለም»።

ከእነሱ አንዷ ወጣት አባላችን ናት። የልብስ ስፌት መኪና መግዣ ብድር ጠየቀችን። የምስክር ወረቀት አልነበራትም፤ ልምዷም «የለም» ይላል። ያየነው ወረቀቱን ነበርና ጥያቄዋን ሳንቀበል ቀረን። እሷም አንድ ልብስ ቤት ተቀጠረች። ከአንድ ዓመት በኋላ ለሠርግ ተጠርተን ሄደን፣ ከሚዜዎቹ ቀሚስ ላይ አንድ ጥለት ዓይናችንን ያዘው። መስቀሉ መሐል ላይ አይገጥምም፤ በትንሽ ክፍተት ያልፋል። ያንን ጥለት ከማመልከቻዋ ጋር አያይዛ በሰጠችን ወረቀት ላይ አይተነው ነበር። ልብስ ቤቱ ደጋግሞ አሠርቶ ሸጦታል። ለእሷ የደረሳት የወር ደመወዟ ብቻ ነው።

ጠርተን አነጋገርናት። ይህን ከየት ተማርሽው? አልናት። «አያቴ መሶብ ስትሰፋ አለላውን የምመርጥላት እኔ ነበርኩ» አለችን። ቀዩ ከአረንጓዴው አጠገብ ሲሆን እንዴት እንደሚደምቅ፣ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ቅርጹ እንዳይፈርስ ስንደዶው እንዴት እንደሚቆጠር ያወቀችው በሰባት ዓመቷ ነው። ኋላም ሱቅ ተቀጥራ ልብስ ስትሸጥ፣ ገዢ ቀሚስ ሲያነሣ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አንገቱ ጥልፍ መሆኑን አየች። ስለዚህ የመሶቡን ቅርጽ አንገት ላይ አመጣችው። ታዲያ ለምን «የለም» ብለሽ ጻፍሽ? ስንላት ዝም አለች። ቆይታ፣ አያቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ «ስፌት እንደምንሰፋ ለማንም እንዳትነግሪ» ይሏት እንደነበር ነገረችን።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ሸማውን ለብሰን፣ በማረሻው አርሰን፣ በጀበናው ቡና ጠጥተን ሠሪውን ግን ስም አወጣንለት። ስለዚህ ልጅ ከእናቷ ሙያውንም ወረሰች፣ ሙያውን መደበቅንም ወረሰች። ቅጻችን ላይ የሰፈረው «የለም» ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ የምታውቋትን ሴት እንጥቀስ። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ያደጉት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ሰፈሩ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ምክንያት ሰው የሚሸሸው ነበር። ወላጆቻቸው የሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩ። እሳቸው የተማሩት እንደኛው ሒሳብ ነው። ዙሪያቸው ግን በእጃቸው የሚፈትሉና የሚሸምኑ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች ነበሩ። ከጎማ የሚሠራውን በረባሶም ሁሉም ያውቀዋል፤ የድሃ ጫማ ይባላል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአያታቸው ግቢ በጥቂት ሠራተኞች ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ ሲጀምሩ የያዙት ይህንኑ በረባሶ ነው፤ አሮጌ ጎማውን ለሶል፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጡን ለላዩ። ጫማው ከአገር ውጭ ተሸጠ። ሰፈራቸውን ጥለው ቢሄዱ ኖሮ ይህን ንድፍ ከየት ያገኙት ነበር? ሒሳቡን ባያውቁ ደግሞ ዋጋውን እንዴት ያወጡለት ነበር? አስተዳደጋቸው የሚሠሩትን ሰጣቸው፤ ትምህርታቸው እንዲያቆሙት ረዳቸው።

ቤት ያስተማረን ሁሉ በቂ ነው ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዛችን የተመለሰው በልክ ጉድለት መሆኑን አንረሳም። አንዱ መካከለኛ ቁጥር ከሌላው መካከለኛ ቁጥር ጋር አልገጠመም። እናቶቻችን ለአንድ ሰው ሰውነት ነበር የሚሰፉት፤ ለመቶ ሰው አንድ ልክ ማውጣት ሥልጠና ይፈልጋል። ሥልጠናው ግን ባዶ ዕቃ ውስጥ አይገባም። ውስጥ ያለውን አይቶ ይጀምር ነው የምንለው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቀይረናል። አንደኛ፣ ቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ ገብቷል፦ «በቤት ውስጥ ምን ሲሠራ እያያችሁ አደጋችሁ? ከእጃችሁስ ምን ገብቷል?» ይህ ለብድር ውሳኔ ነጥብ ይይዛል። ሁለተኛ፣ የዋጋ ማስያችን እስካሁን ክር፣ ጨርቅ፣ የእጅ ዋጋና ትራንስፖርት ብቻ ነበረው። አሁን «ንድፍ» የሚል መስመር ጨምረናል። መርፌ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ቀን ተቀምጣችሁ ስትስሉ፣ ስትሰርዙ፣ ክር ስታመሳስሉ የዋላችሁት ወጪ ነው። ካልጻፋችሁት ትርፉን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ «ስንት ሴቶች ሠለጠኑ? ስንት የምስክር ወረቀት ተሰጠ?» ትሉናላችሁ፤ ተገቢ ነው፣ እንመልሳለን። ከጎኑ ግን «ምን ይዘው መጡ?» ብላችሁ ጠይቁን።

ያቺ ወጣት ባለፈው ወር እንደገና አመልክታለች። አዲሱን ጥያቄ ስትሞላ የተሰጠው ቦታ አልበቃ ብሏት በጀርባው ቀጥላለች። አያቷን በስም ጠቅሳለች። የብድር ኮሚቴው ማክሰኞ ይቀመጣል። ያ የሠርግ ጥለት ወደ እሷ አይመለስም፤ ያንን ጥፋት እኛ እንወስዳለን። የሚቀጥለው ግን በስሟ እንዲመዘገብ እንፈልጋለን።

እናንተም ስትወጡ አዲሱን ቅጽ በሩ አጠገብ ታገኙታላችሁ። መጻፍ ለምታስቸግራችሁ እናቶች እኛ እንጽፋለን፤ እናንተ ብቻ ንገሩን። «የለም» አትበሉን።