ከርቀት ወደ ዳታቤዝ ሰርቨር መግባት፦ በጋምቤላ ከሠራሁት ስህተት የተገኘ ትምህርት

ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው ተራ ስለሚመስል ሥራ ነው፤ የዳታቤዝ ሰርቨር ተክሎ ከሌላ ቦታ ወደ እርሱ ስለመግባት። ብዙዎቻችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ የምትጨርሱት የላቦራቶሪ ልምምድ ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋምቤላ ከተማ ስሙን ለማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ከየወረዳው በወረቀት የሚመጣው የታካሚዎች መዝገብ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ነበር የተፈለገው። ፖስትግሬስን ጫንሁ፤ ሰንጠረዦቹን ሠራሁ፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁሉም በትክክል ሠራ። ከኢታንግ ሲሞከር ግን አልገናኝ አለ። ጊዜው ጠቦኝ ነበር። ሰርቨሩ ማንንም እንዲያዳምጥ፣ ፋየርዎሉም ማንንም እንዲያሳልፍ አደረግሁ፤ ለወረዳው ሠራተኛም የዋናውን አስተዳዳሪ ስምና አጭር የይለፍ ቃል ሰጠሁት። ወዲያው ተገናኘ፤ ምስጋናም ተቀበልሁ።

ከቀናት በኋላ የሰርቨሩን ሎግ ስከፍት፣ ከማላውቃቸው አድራሻዎች የዋናውን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ለመገመት የተደረጉ ሙከራዎች ገጽ በገጽ ሞልተውት አገኘሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «የገባ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ፖስትግሬስ ያልተሳካን ሙከራ በራሱ ይመዘግባል፤ የተሳካን ግንኙነት እንዲመዘግብ ግን በተጠቀምሁበት ዕትም ማዘዝ ነበረብኝ፤ አላዘዝሁም። በሰንጠረዡ ውስጥ የሰው ስም፣ ቀበሌና የምርመራ ውጤት ነበር። ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ የምርመራ ውጤት ቢወጣ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። «አልገባም» ብዬ መማል አልቻልሁም፤ እስከ ዛሬም አልችልም።

ስለዚህ ያን ቀን ማወቅ የነበረብኝን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 በአይቢኤም ሳሉ የሪሌሽናል ሞዴልን ሲያቀርቡ፣ ተጠቃሚው መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ ሳያስፈልገው በሰንጠረዥ መልክ እንዲጠይቀው አስበው ነበር። መረጃውን ለብዙ ሰዎች በጋራ ማቅረብ ከመጀመሪያው የሐሳቡ ግብ ነበር። «ለብዙዎች» ማለት ግን «ለሁሉም» ማለት አይደለም።

ይህን ልዩነት ከጋምቤላ ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታኒያ ባደረጉት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ተፈቅዶ ነበር፤ ጣቢያው በኋላ በጋምቤላ ተቋቋመ። ውሉ ግን ልቅ አልነበረም። የቦታው ስፋት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል፣ ሱዳንም በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተወስኖ ነበር። ማን፣ የት፣ ለምን፣ እስከ መቼ፤ አራቱም ተጽፈዋል። እኔ በዚያው ከተማ ለአንድ የወረዳ ሠራተኛ በር ስከፍት ከአራቱ አንዱንም አልጻፍሁም።

ከሩቅ የሚመጣ ጥያቄ ሰንጠረዡ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አምስት በሮችን ያልፋል። የስህተት መልእክቱም የትኛው በር እንደተዘጋ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ መንገዱና ፋየርዎሉ ናቸው። ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ ጠብቆ «ጊዜው አለፈ» ካለ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ወይ መስመሩ ተቋርጧል፣ ወይ ፋየርዎሉ ሳይመልስ ጥሎታል። ሁለተኛው ማዳመጥ ነው። ወዲያው «ግንኙነቱ ተከለከለ» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ተገኝቷል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ግን የለም። ፖስትግሬስ ሲጫን በ5432 ቁጥር ፖርት የሚያዳምጠው የራሱን ማሽን ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

ሦስተኛው የመግቢያ ደንቦች ፋይል ነው፤ ማን፣ ከየትኛው አድራሻ፣ ወደ የትኛው ዳታቤዝ፣ በምን ማረጋገጫ እንደሚገባ ይወስናል። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ በመጀመሪያ የተስማማው መስመር ይወስናል፣ ከእርሱ በታች ያለው አይታይም። አራተኛው የይለፍ ቃል ነው። አምስተኛው ፈቃድ ነው፤ የገባ ሰው ሁሉ ሁሉን እንዳያነብ። የወረዳው ሠራተኛ አዲስ መዝገብ መጨመርና የራሱን ወረዳ ማየት ብቻ በቂው ነበር፤ እኔ ግን ሰንጠረዥ የመሰረዝ ሥልጣን ጭምር ሰጠሁት።

ታዲያ የወረዳውን አድራሻ ብቻ መፍቀድ አይበቃም ነበርን? አይበቃም። በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ቢሮ አድራሻው ይለዋወጣል፤ ያንኑ አድራሻም ከብዙ ደንበኞች ጋር ሊጋራ ይችላል። የተሻለው መንገድ ዳታቤዙን ለኢንተርኔት ፈጽሞ አለመክፈት ነው። ሰርቨሩ ራሱን ብቻ እያዳመጠ፣ ሠራተኛው በቪፒኤን ወይም በኤስኤስኤች ቱነል፣ በቁልፍ ፋይል ተረጋግጦ ይገባል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፤ በኤስኤስኤች ቱነል የመጣ ሰው ለዳታቤዙ ከዚያው ማሽን የተነሣ መስሎ ይታያል። የደንቡ ፋይል ከራሱ ማሽን የመጣውን ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የሚያምን ከሆነ፣ ቱነሉ የሚጠብቀው ግማሹን መንገድ ብቻ ነው።

መስመር መቋረጡም ሌላ ፈተና ነው። በትራንዛክሽን መካከል ግንኙነት ቢቋረጥ ዳታቤዙ የተጀመረውን ይሰርዛል፤ ግማሽ መዝገብ አይቀርም። የሚያስቸግረው «አጽድቅ» ብለን ልከን መልሱ ሳይደርሰን ሲቋረጥ ነው፤ ጸድቆ ይሁን አይሁን አናውቅም። ሠራተኛው ደግሞ ቢልክ አንድ ታካሚ ሁለት ይሆናል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መዝገብ መለያ ቁጥሩን ወረዳው ላይ ሰጥቶ መላክ፣ በዳታቤዙም ያ ቁጥር እንዳይደገም መከልከል ነው።

ስለ ቀንም አንድ ቃል ልጨምር። ጥቅምት 30 በእኛ አቆጣጠር እውነተኛ ቀን ነው፤ በቁጥር የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ተብሎ ሲጻፍ ግን የዳታቤዙ የቀን ዓይነት አይቀበለውም፤ ጳጉሜንንም አያውቅም። ሠራተኛው የተቀባይነት ያለውን ቀን በግምት እንዲጽፍ አታስገድዱት። ቀኑን በግሪጎርያን አስቀምጡ፤ ሲገባና ሲታይ ፕሮግራሙ ይቀይረው።

ዛሬ አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። መረጃን መጠበቅ የባለሙያ በጎ ፈቃድ ብቻ መሆኑ አብቅቷል። ነገር ግን እኔን ያስተማረኝ አዋጁ አይደለም፤ መመለስ ያቃተኝ የኃላፊው ጥያቄ ነው።

ተማሪዎቼ፤ በዚህ ሳምንት ሁለት ኮምፒውተሮችን አገናኙና አምስቱን ስህተቶች ሆን ብላችሁ አንድ በአንድ ፍጠሯቸው። እያንዳንዱን መልእክት ከነምክንያቱ ጻፉ። ከዚያም የተሳካውን ግንኙነት ሁሉ እንዲመዘግብ ሰርቨሩን እዘዙት። አንድ ቀን «የገባ ሰው አለ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ መዝገቡን ከፍታችሁ የምታሳዩት ይኑራችሁ።