ካሳሁን የእናቱን በርበሬ ፍለጋ
(በኮሙኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 በዓለም ስለታወቀው ሼፍ ስለ ማርከስ ሳሙኤልሰን እንድናገር ስጠየቅ፣ «እኔ ባለ ሱቅ ነኝ፤ ስለ ሼፍ ምን አውቄ?» ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን የእኚህ ሰው ታሪክ የበርበሬ ታሪክ ነው። በርበሬ ደግሞ ዴም ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ስመዝን የኖርኩት ዕቃ ነው።

ማርከስ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንዲት የገጠር መንደር ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ፣ እሱና ታላቅ እህቱ ፋንታዬ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። እናትየው ራሷ እየደከመች ልጆቿን ይዛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ተጓዘች፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ልጆቹ ዳኑ፤ እሷ ግን አረፈች።

ሁለቱን ልጆች የሳሙኤልሰን ቤተሰብ ስዊድን ወስዶ በዬተቦሪ ከተማ በፍቅር አሳደጋቸው። ካሳሁን ማርከስ፣ ፋንታዬ ሊንዳ ተባሉ። ልጁ ምኞቱ እግር ኳስ ነበር፤ ሰውነቱ ትንሽ ነው ተብሎ ከቡድን ሲቀነስ ወደ ወጥ ቤት ፊቱን አዞረ። ምግብ መሥራትን መጀመሪያ ያስተማሩት ስዊድናዊቷ አያቱ ሄልጋ ናቸው። ከዚያ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወጥ ቤቶች ከታች ጀምሮ ሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኒው ዮርክ ውስጥ አኳቪት የተባለው የስዊድን ምግብ ቤት ዋና ሼፍ ሳለ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሦስት ኮከብ ሰጠው። ዕድሜው 24 ነበር። በ2003 የከተማይቱ ምርጥ ሼፍ ተብሎ የጄምስ ቢርድን ሽልማት አገኘ። በኅዳር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉትን የመጀመሪያውን የመንግሥት እራት በእንግዳ ሼፍነት አዘጋጀ። በ2010 ሃርለም ውስጥ ሬድ ሩስተርን ከፈተ።

ይህ ሁሉ ያኮራል። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው። በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የእናቱን ፎቶግራፍ አይቶ እንደማያውቅ ጽፏል። መልኳንም ድምፅዋንም አያውቅም። ስለ እሷ ሲያስብ የሚይዘው በርበሬን ነው፤ ያገሩ ሴት ሁሉ የምታበስልበት ስለሆነ። ስለዚህ ካደገ በኋላ ኢትዮጵያ ተመልሶ እንደ ጀማሪ ከእናቶች ሥር ተቀምጦ ጠየቀ። በ2006 ስለ አፍሪካ ምግብ መጽሐፍ ጻፈ። ሞተዋል ተብሎ የነበሩት አባቱም በእህቱ ጥረት በሕይወት ተገኙ። በ2023 ደግሞ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ላይ በስሙ ምግብ ቤት ከፈተ።

አሁን ወደ ዴም ልመልሳችሁ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ሱቄ መጣና፣ «ጋሼ፣ ሸጣ ይስጡኝ፤ የእማዬን» አለኝ። በርበሬ ማለቱ ነው። «ልጄ፣ ሸጣ የተፈጨ ቃሪያ ነው። በርበሬ ተቀጥፎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ኮረሪማና አዝሙድ ገብቶበት ነው የሚፈጨው» አልኩት። «እኔ መብላቱን እንጂ ይህን አላውቅም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሲሄድ ግን አዘንኩ፤ የገዛ ልጆቼም ከእሱ አይሻሉም ነበርና።

እናቶቻችን ዴም ውስጥ ጤፍ ሲጠፋና ሲወደድ በማሽላ እንጀራ ጋግረው አሳደጉን። ከዚያች ምጣድ ኪራይ ተከፍሏል፣ ልጅ ተምሯል፣ አገር ቤት ገንዘብ ተልኳል። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ዝግኒ ብለው የወደዱት ወጥ የእነሱ እጅ ነው። ሽልማት የሰጣቸው፣ ስማቸውን የጻፈላቸው ግን የለም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ብዙዎቻችን ምጣዱንም ድስቱንም ጥለን ወጣን። ዛሬም ሁላችንም እዚህ አልተገኘንም። ዕቃ ይተካል። እጃቸው ላይ ያለው ሙያ ግን ከእነሱ ጋር ከሄደ አይተካም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆች፣ ዛሬ ማታ ደብተር ይዛችሁ እናታችሁን ወይም አያታችሁን አንድ ምግብ ጠይቁ። «በዓይኔ ነው የምመጥነው» ቢሏችሁም አትተዉአቸው፤ እፍኙን በማንኪያ ለክታችሁ ጻፉ። ከላይ ስማቸውንና የተወለዱበትን አገር አስፍሩ። እናቶችም «ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው» አትበሉ፤ ዓለም ያከበረው ይህ ሼፍ ወንድ ነው። የተጻፈውን ለኮሙኒቲው አምጡ፤ ወረቀቱንና ፎቶ ኮፒውን እኔ እችላለሁ።

ካሳሁን እናቱን መጠየቅ አልቻለም፤ እኛ ግን የምንጠይቃቸው እናቶች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።